ዋስ ያጣው ኮምፒውተር

ተረት ላወራችሁ ነው፤ ጠጋ በሉ። እናንተ ካልተጠጋችሁ እኔ አላወራ፣ እኔ ካላወራሁ ተረቱ አይወጣ። አያችሁ፣ ገና ሳይጀመር ተያያዘ፤ የዛሬው ተረት እንዲህ እየተያያዘ የሚሄድ ነው። የጦጣና የቀበሮ እንዳይመስላችሁ፣ የኮምፒውተር ነው። ምነው ፊታችሁን አጨማደዳችሁ? ኮምፒውተር ተረት አይወጣውም ያለው ማነው?

ደሴ ውስጥ፣ ጦሳ ተራራ ሥር፣ ጋሽ ወንድይፍራው የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የሰፈሩን ሙሽራ ሁሉ ሱፍ ያለበሱ እሳቸው ናቸው። ኋላ ላይ የዐይን ግፊት ያዛቸው። መጀመሪያ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ ማስገባት አቃታቸው፣ ቀጥሎ መርፌው ጠፋባቸው፣ በመጨረሻ ብርሃኑም ሄደ። ሚስታቸው ቀድማ ስላረፈች ቤት ውስጥ የቀሩት እሳቸውና አንዲት ልጃቸው ትርሲት ናቸው። ትርሲት አባቷ ዳዊት እንደሚወዱ ታውቃለች፤ ከሥራ ስትመለስ ቁጭ ብላ ታነብላቸዋለች። ቀን ቀን ግን ማን ያንብብላቸው?

አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛችላቸው። ዊንዶውስ ሰቨን የሚሉት፣ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅሰው አሮጌ ስርዓት የተጫነበት ነው። ታዲያ አንደበት የሚባል ፕሮግራም አለ፤ የአማርኛ ጽሑፍ ስትሰጡት ጮክ ብሎ ያነብላችኋል። አንደበት ጌታ የለውም። በየከተማው ያሉ በጎ ፈቃደኞች በቴሌግራም ግሩፕ እየተጠራሩ ነው የሚሠሩት፤ የፈለገ በነጻ ይወስደዋል፣ የቻለ ገብቶ ያስተካክለዋል። ድምፅ የሚሰጥ ሰው ሲያጡ ትርሲት እኔ አለሁ አለች። የውጭ ጫጫታ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ላብ በላብ ሆና፣ ቃል ስትቀዳ ከረመች። ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚናገረውን ስትቀዳ ግን አባቷ አጠገቧ ነበሩና ረስታ «ምን ላንብብልህ፣ አባዬ?» ብላ ቀዳችው። የግሩፑ ሰዎች ስቀው ስቀው እንዲሁ ይሁን አሉ። ከዚያ ወዲህ አንደበትን የከፈተ ሁሉ፣ ኮረዳዋም ባልቴቷም ሳይቀሩ፣ አባዬ ይባላሉ። የተቀየመ ሰው የለም።

ባለፈው ጥር ትርሲት ኩላሊቷን ታማ ሞተች።

እንዲህ አትዩኝ፣ እኔ አይደለሁ የገደልኳት።  ስልኳ በሚስጥር ቁጥር ተቆልፎ ስለቀረ ሌላ የተቀዳ ድምፅ አልተገኘም፤ ለጋሽ ወንድይፍራው የቀረላቸው ያ ኮምፒውተር ብቻ ነው። ጠዋት ተነሥተው ይከፍቱታል። «ምን ላንብብልህ፣ አባዬ?» ትላለች። ጣታቸው የለመደውን ቁልፍ ይጫናሉ፣ እሷም ዳዊቱን ታነባለች። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ ኀዘናቸውን የሚገፉት በዚህ ነበር።

ጎረቤታቸው ከድር፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ደግ ሰው ነው፤ ጉዱን ያመጣውም ደግነቱ ነው። አንድ ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ ኮምፒውተሩ ላይ «የአንደበት አዲስ እትም ወጥቷል፣ ልጫነው?» የሚል ጽሑፍ አየ። ከስልኩ ኢንተርኔት አጋራላቸውና አዎ አለው። አዲሱ ገባ፣ አሮጌው ጠፋ። በማግሥቱ ጋሽ ወንድይፍራው ኮምፒውተሩን ከፈቱ፤ ዝም አለ። ዘግተው ከፈቱ፤ አሁንም ዝም አለ። ከድርን አስጠሩት። ከድር የድሮውን እትም ቢፈልግ ቦታ እንዳይይዝ ተብሎ ከግሩፑ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ተጠርጓል። በራሱ ኮምፒውተር ልክፈትልዎ ቢል የእሱም ሰቨን ነው። ለስልክ የሚሆን አንደበት ደግሞ ገና አልተሠራም። አዲስ ኮምፒውተር ይግዙ የምትሉ ካላችሁ፣ እናንተው ግዙላቸው፤ እኔ የምተርከው ዐይኑ ስለጠፋ ልብስ ሰፊ ነው።

ከድር አንገቱን ደፋ። ጋሽ ወንድይፍራው ግን አልተቆጡትም። «ዳዊቱም ይቅር» አሉት፣ «አንዴ አባዬ ትበለኝና ይበቃኛል።»

እንግዲህ የፈለጉት ይህን ነው፤ ሌላ አልፈለጉም።

ከድር ኮምፒውተሩን፣ ምነው አላነብ አልክ አለው። ኮምፒውተር አይመልስም ትሉ ይሆናል፤ ይመልሳል፣ ያውም በጽሑፍ። እኔ ምን አጠፋሁ፣ ፕሮግራሙ አልነሣ ብሎኝ ነው አለ። ኮምፒውተሩ አላነብ አለ፣ ጋሽ ወንድይፍራውም ጆሯቸውን እንደጣሉ ቀሩ።

ከድር ወደ ፕሮግራሙ ሄደ። አንተስ ምነው አልነሣ አልክ? ፕሮግራሙም፣ እኔ ለሰቨን አልተገነባሁም፤ ለአዲሱ ዊንዶውስ፣ ለማክና ለሊኑክስ ነው የተገነባሁት፣ ቅር ካለህ የገነባችኝን ጠይቃት አለው። ፕሮግራሙ አልነሣ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላነብ አለ፣ ጋሽ ወንድይፍራውም ጆሯቸውን እንደጣሉ ቀሩ።

የገነባችው አያንቱ ትባላለች፤ አዳማ ነው ያለችው። ሌሎቹ የጻፉትን ሁሉ ሰብስባ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ሊከፍተው በሚችል መልክ የምታዘጋጅ እሷ ናት። ለማክ አንድ፣ ለሊኑክስ አንድ፣ ለዊንዶውስ አንድ፤ እንደ ጫማ ቁጥር ቁጥሩን ትሠራለች። ከድር በግሩፑ ገብቶ ጻፈላት፣ እባክሽ እህቴ ለሰቨንም ገንቢልን አላት። አያንቱ ክፉ ሰው አይደለችም። ፈታኙ እፈትነዋለሁ ያላለውን ግን አልገነባም አለች፤ አንዴ ሳይፈተን ያወጣችው እትም ዐይነ ስውር ተማሪን ለፈተና ሲዘጋጅ ጥሎት አድሯል፣ እስከ ዛሬ ይቆጫታል። ግንበኛዋ አልገነባ አለች፣ ፕሮግራሙ አልነሣ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላነብ አለ፣ ጋሽ ወንድይፍራውም ጆሯቸውን እንደጣሉ ቀሩ።

ፈታኙ ታሪኩ ይባላል፣ የሐዋሳ ሰው ነው። አዲስ እትም ከመውጣቱ በፊት ቀኑን ሙሉ ይከፍታል፣ ያስነብባል፣ ይዘጋል። «ምን ላንብብልህ፣ አባዬ?» ስትል ከመስማቱ ብዛት የገዛ ልጆቹ ቤት ውስጥ ያላግጡበታል። ታሪኩ አመለ ቁጡ ነው። በተመዘገቡት ዝርዝር ውስጥ የሌለ ስርዓት አልፈትንም፣ ያሉትንም የምፈትነው ከእንጀራዬ ላይ ሰዓት ሰርቄ ነው፣ ሰብሳቢውን ጠይቅ አለ። ፈታኙ አልፈትን አለ፣ ግንበኛዋ አልገነባ አለች፣ ፕሮግራሙ አልነሣ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላነብ አለ፣ ጋሽ ወንድይፍራውም ጆሯቸውን እንደጣሉ ቀሩ።

ከድር በየቀኑ ሱቁን ዘግቶ ይመጣል፣ የተጻፈውን ያነብላቸዋል፣ እሳቸው «እሺ» ይላሉ።  ኮምፒውተሩን ግን ጠዋት ጠዋት መክፈታቸውን አልተዉም። ይከፍቱና ትንሽ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይዘጉታል።

ሰብሳቢው ልዑልሰገድ ይባላል፣ ባሕር ዳር የሚኖር መምህር። እሱ እንኳ በትዕግሥት አስረዳ። ወንድም ከድር፣ ሁሉም የየራሱን ኮምፒውተር ተሸክሞ ይመጣል፤ አንዱ ሰቨን ይላል፣ አንዱ ከሰቨን በፊት የነበረውን ይላል፣ ሁሉን እሺ ካልን እኛ ጥቂት ሰዎች ነን፣ አንደበት ራሱ ይቆማል። ሰቨንን ከዝርዝር ስናወጣም ተከራክረን ነው እንጂ በደስታ አልነበረም። ብመዘግብልህ ደስ ባለኝ፣ ግን ደንብ አለን፣ ደንቡ አይፈቅድም አለ። እውነቱን ነው፤ እኔም ብሆን ሌላ የምለው አልነበረኝም። ሰብሳቢው አልመዘግብ አለ፣ ፈታኙ አልፈትን አለ፣ ግንበኛዋ አልገነባ አለች፣ ፕሮግራሙ አልነሣ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላነብ አለ፣ ጋሽ ወንድይፍራውም ጆሯቸውን እንደጣሉ ቀሩ።

ደንቡ በግሩፑ አናት ላይ ተሰክቷል፤ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። እንዲህ ይላል፤ እያንዳንዱ ስርዓት አንድ ዋስ ይኑረው። ዋሱ አዲስ እትም በወጣ ቁጥር በራሱ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ አዎ ያነባል ብሎ ይመስክር። ዋሱ እየተጠየቀ ዝም ካለ ስርዓቱ ዋስ እንደሌለው ተቆጥሮ ይሰረዝ። ዋስ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ለሥራ ስትቀጠሩ ዋስ፣ እቁብ ስትበሉ ዋስ፣ ከጣቢያ ስትወጡ ዋስ፤ ለኮምፒውተርስ ቢጠየቅ ምን ይገርማል? ከድር ደንቡን ለመነው ማለት አልችልም፣ ደንብ አይለመንም። ደንቡ አልፈቅድ አለ፣ ሰብሳቢው አልመዘግብ አለ፣ ፈታኙ አልፈትን አለ፣ ግንበኛዋ አልገነባ አለች፣ ፕሮግራሙ አልነሣ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላነብ አለ፣ ጋሽ ወንድይፍራውም ጆሯቸውን እንደጣሉ ቀሩ።

ከድር አንድ ነገር ቀረው። የሰቨን ዋስ ማን ነበር ብሎ ጠየቀ። ሄጄ እግሩ ላይ እወድቃለሁ ብሎ አስቦ ነው።

ታሪኩ ነው የመለሰለት። ዋሷማ የራስህ አገር ልጅ ናት፣ የደሴዋ፣ ድምፅዋን የሰጠችን ልጅ። ሰቨን እንዳይሰረዝ ብቻዋን ከሁላችን ጋር ስትሟገት ከርማ፣ አንድ ሰው አለኝ፣ ለእሱ ስል ዋስ እሆናለሁ ብላ ፈርማ፣ ከጥር ወዲህ ጠፋች። ብንጽፍላት ዝም፣ ብንደውል ዝግ ነው። ይኸው እይ ብሎ የጻፉላትን ሁሉ ላከለት።

ከድር ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፤ ለጋሽ ወንድይፍራው ሁልጊዜም ጮክ ብሎ ነው የሚያነበው። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው፣ ትርሲት ደህና ነሽ ይላል። ቀጥሎ፣ አዲሱን እትም በሰቨን ሞከርሽልን ወይ ይላል። ቀጥሎ፣ ምነው ዝም አልሽ ይላል። መጨረሻ ላይ ታሪኩ በንዴት የጻፈው ነው፤ «ካልቻልሽ አልቻልኩም ማለት ነው እንጂ ሰው እንዲህ ጥሎ ይሄዳል?» ይላል። ከድር እዚያ ላይ ሲደርስ ስልኩን በግንባሩ ደፋው።

ዋሷ አልመልስ አለች፣ ደንቡ አልፈቅድ አለ፣ ሰብሳቢው አልመዘግብ አለ፣ ፈታኙ አልፈትን አለ፣ ግንበኛዋ አልገነባ አለች፣ ፕሮግራሙ አልነሣ አለ፣ ኮምፒውተሩ አላነብ አለ፣ ጋሽ ወንድይፍራውም... ጋሽ ወንድይፍራውማ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።

አያችሁት? ሰቨን የቀረው ዋሷ ስለሞተች ነው። ዋስ የሆነችውም ለአባቷ ኮምፒውተር ብላ ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ በየቀኑ ድምፅዋን እየሰሙ፣ እየከፈቱ እየዘጉ፣ ጠፋች ብለው ያሟት ነበር። አንድም ሰው መሞቷን የነገራቸው የለም፤ ከድርም የሚያውቁ መስሎት ስሟን አላነሣ፣ ማን ይንገራቸው? የቀብሯ ለት ዕድሩ ጡሩንባ ሲነፋ ሐዋሳ አይሰማ፣ አዳማ አይሰማ።

ጋሽ ወንድይፍራው ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ስልኩን ወዲህ በለው አሉ። መጻፍ አይችሉ፣ በድምፅ ላኩላቸው።

«እኔ የትርሲት አባት ነኝ» አሉ። «ልጄ ጥላችሁ አልሄደችም። ቃሏን የምትበላ ልጅ አላሳደግኩም፣ ሞታ ነው። ያ አንድ ሰው አለኝ ያለቻችሁ እኔ ነኝ። አሁን የእሷን ዋስትና ለእኔ ስጡኝ። ዐይን እንኳ የለኝም፤ ግን ታነባለች አታነብም ነው የምትጠይቁት፣ ለዚያ ጆሮ ይበቃል።»

ግሩፑ ክርክሩን ተወ። ሌላ ጊዜ ስለ ነጠላ ሰረዝ ሲከራከር የሚውል ግሩፕ ነው። አያንቱ ሥራ ቦታዋ ላይ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ታሪኩ ያን የጻፈውን ሊያጠፋው ፈለገ፤ ግን አባቷ ሰምተውታል፣ ቢያጠፋው ምን ዋጋ አለው? ልዑልሰገድ በመጨረሻ፣ የደንቡን ነገር ኋላ እናየዋለን፣ መጀመሪያ ለቅሶ እንድረስ ብሎ ጻፈ።

መጡም። አንዱ ከሐዋሳ፣ አንዷ ከአዳማ፣ አንዱ ከባሕር ዳር፣ እርስ በርስ እንኳ በአካል ተያይተው የማያውቁ ሰዎች፣ ደሴ መናኸሪያ ላይ በስልክ እየተፈላለጉ ተገናኙ። ከድር ይዟቸው ወጣ። ታሪኩ በሩ ላይ ሲደርስ መግባት አቃተው፤ ጋሽ ወንድይፍራው የእግሩን መቆም ሰምተው፣ ግባ ልጄ፣ አንተ ምን ታውቃለህ አሉት። ገብቶ ጉልበታቸውን ስሞ አለቀሰ። እግዜር ያጽናዎት አሉ ሁሉም፤ ከመሸ የተደረሰ ለቅሶ ነውና አፍረው ነበር። ግድግዳው ላይ ፎቶዋ ተሰቅሏል። ድምፅዋን ከእናታቸው ድምፅ አብልጠው የሰሙ ሰዎች መልኳን ያን ቀን አዩ። አያንቱ፣ ቀጭን ትመስለኝ ነበር ብላ ተናገረች፤ ለምን እንደተናገረችው እሷም አታውቅም።

ልዑልሰገድ ሰብሳቢነቱ አልለቀው ብሎ፣ እያፈረም ቢሆን መጠየቅ ነበረበት። አባባ፣ ሰቨን እያረጀ ነው፣ እኛም ጥቂት ነን፣ እስከ መቼ ልመዝግበው አላቸው።

«እኔ እስካለሁ» አሉ ጋሽ ወንድይፍራው። «እኔን ከቀበራችሁ በኋላ ሰርዙት፤ አልቀየማችሁም።»

ይኸው ተፈታ። አዲሱ ዋስ አለሁ አሉ፣ ደንቡ ፈቀደ፣ ሰብሳቢው ጉልበቱ ላይ የራሱን ኮምፒውተር አድርጎ መዘገበ፣ ፈታኙ ሊፈትን የከድርን ሰቨን ተዋሰ፣ ግንበኛዋ እዚያው መደብ ላይ ቁጭ ብላ ገነባች፣ ፕሮግራሙ ተነሣ፣ ኮምፒውተሩም አነበበ።

«ምን ላንብብልህ፣ አባዬ?»

 የጋሽ ወንድይፍራው እጅ ቁልፉ ላይ ነው፣ አይጫኑትም። ትንሽ ቆይታ ደግማ ጠየቀች፤ መልስ ካላገኘች መድገም ያስተማሯት እነሱው ናቸው። እሳቸው አሁንም አልተጫኑም። ደግማ ጠየቀች። ከድር ወደ ደጅ ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ።

ከዚያ ጋሽ ወንድይፍራው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እስቲ የመዘገባችሁትን ታንብብልኝ፣ ዋስ ነኝና ምን ላይ እንደቆምኩ ልስማው አሉ። ልዑልሰገድ የስርዓቶቹን ዝርዝር ከፈተላቸው። ከፍቶም ደነገጠ፣ ቀስ ብሎ ሊዘጋው እጁን ዘረጋ፤ የጻፈውን ያስታወሰው ያኔ ነው። ግን አልደረሰበትም፣ ማንበብ ጀምራለች። አዲሱ ዊንዶውስ አለች፣ ማክ አለች፣ ሊኑክስ አለች። የሰቨን ተራ ሲደርስ፣ በዚያው ባልተለወጠ፣ ብርድ ልብስ ውስጥ በተቀዳ ድምፅዋ፣

«ዊንዶውስ ሰቨን። ዋስ፣ ትርሲት ወንድይፍራው፣ ነፍሷን ይማር። ከእሷ በኋላ፣ አባቷ» ብላ አነበበች።

 ራሷን በራሷ ድምፅ ነፍሷን ይማር አለች እኮ። ሁሉም አቀርቅረው ሳሉ፣ ጋሽ ወንድይፍራው ኮምፒውተሩን እንደ ሰው ራስ በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉና ቀስ ብለው፣

«አሜን፣ ልጄ» አሉ።

እኔም ተረቴን እዚህ ላይ ልቋጭ። ዳቦ አልጠይቃችሁም፣ ዛሬ አፌም አልተራበ። አንድ ጊዜ አሜን በሉላትና ተነሡ።